ብሮውዘሮች ብቅ-ባይ መስኮቶችንና ታቦችን እንዴት ሊያስተናግዱ ይገባል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሳይጠራ የመጣ መስኮት ያናድዳል፤ ተጠርቶ የቀረ መስኮትም ያንኑ ያህል ያናድዳል። ሁለቱ ቅሬታዎች ተቃራኒ ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ ብሮውዘሩ «ይህን መስኮት የጠየቀው ማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ የተሳሳተ መልስ ሰጥቷል። ከዚህ በታች የቀረቡት ምላሾች በዚህ ጥያቄ ዙሪያ የተዘጋጁ ሲሆን፣ ለተራው ተጠቃሚም ድረ ገጽ ለሚሠራ ባለሙያም እንዲጠቅሙ ታስበው ተጽፈዋል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብቅ-ባይ መስኮት የሚባለው የትኛው ነው?

በዕለት ተዕለት ንግግር ስክሪን ላይ ድንገት የሚደቀን ነገር ሁሉ «ፖፕአፕ» ይባላል፤ ለብሮውዘሩ ግን ሁሉም አንድ አይደለም። የመጀመሪያው ዓይነት ገጹ በጃቫስክሪፕት ትእዛዝ የሚያስከፍተው፣ የራሱ አድራሻ ያለው ሌላ መስኮት ወይም ሌላ ታብ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ ብቅ-ባይ መስኮት የምንለውም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው እዚያው ገጹ ውስጥ ተሠርቶ ጽሑፉን የሚሸፍን ሣጥን ነው፤ ሁለት መስመር ሳያነቡ «ኢሜይልዎን ያስገቡ» እያለ ፊትዎ የሚቆመው ማለት ነው። ሦስተኛው «እሺ» እስኪባል ድረስ ገጹን አስሮ የሚይዝ የማሳሰቢያ ሣጥን ሲሆን፣ አራተኛው ደግሞ ብሮውዘሩ ራሱ ስለ ካሜራ፣ ስለ ማሳወቂያ ወይም ስለሚገኙበት ቦታ ፈቃድዎን የሚጠይቅበት ነው። በብሮውዘሩ ውስጥ የተገጠመው ብቅ-ባይ ማገጃ የሚሠራው በመጀመሪያው ላይ ብቻ ነው። «ማገጃው በርቶ ሳለ ፖፕአፕ ይመጣብኛል» የሚሉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ያጋጠማቸው ሁለተኛው ነው።

ብቅ-ባይ መስኮት ከመነሻው ማስታወቂያ ለማሳየት የተሠራ ነበር?

አልነበረም። ጃቫስክሪፕት በ1996 ከወጣው ኔትስኬፕ ናቪጌተር 2.0 ጋር ለተጠቃሚው ሲደርስ፣ አንድ ገጽ በኮድ ሌላ መስኮት መክፈት መቻሉ ጠቃሚ ነገር ነበር፤ ረጅም ቅጽ የሚሞላ ሰው የሞላው ሳይጠፋበት ማብራሪያውን በጎን ከፍቶ ማንበብ ይችላል። ነገሩ የተበላሸው ማስታወቂያ ሲገባበት ነው። የመጀመሪያውን የብቅ-ባይ ማስታወቂያ ኮድ በመጻፍ የሚታወቀው ኢታን ዙከርማን በ1990ዎቹ፣ ግለሰቦች የራሳቸውን ገጽ ሠርተው በሚያስቀምጡበት ትራይፖድ በተባለ ድርጅት ውስጥ ይሠራ ነበር። ማስታወቂያ አስነጋሪዎች የንግድ ስማቸው ይዘቱ ካላማራቸው የግለሰብ ገጽ ጋር ተለጥፎ እንዳይታይ ስለሚሰጉ፣ ማስታወቂያውን ከገጹ ነጥሎ በራሱ መስኮት ማውጣት መፍትሔ መስሎ ታየ። ዙከርማን በ2014 ባወጣው ጽሑፍ ስለዚህ ሥራው ይቅርታ ጠይቋል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ መስኮቱ የተፈለገው የአስነጋሪውንና የድረ ገጹን ባለቤት ጭንቀት ለማቃለል መሆኑ ነው፤ ስክሪኑ የእሱ የሆነውን ሰው የጠየቀው አልነበረም።

ብሮውዘሮች ማገድ የጀመሩት መቼ ነው?

ከታወቁት ብሮውዘሮች ብቅ-ባይ ማገጃን ቀድሞ ያካተተው ኦፔራ ነው። ሁሉንም መስኮት በጅምላ ማገድ ግን የሚፈለገውንም አብሮ ያስቀራል። በ2002 በወጣው ሞዚላ 1.0 የተወሰደው መንገድ ብልህነት የታየበት ነበር፤ ብሮውዘሩ መስኮቱ ምን እንደያዘ ከመመርመር ይልቅ መቼ እንደተከፈተ ያያል። ገጹ ገና እየተጫነ ሳለ ማንም ሳይነካው የሚከፈተውን ያግዳል፣ ተጠቃሚው ጠቅ አድርጎ የሚከፈተውን ያሳልፋል። ማይክሮሶፍት በኦገስት 2004 ለዊንዶውስ ኤክስፒ ባወጣው ሰርቪስ ፓክ 2 አማካይነት ማገጃውን ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ውስጥ ካስገባ በኋላ፣ ብቅ-ባይ ማገድ እንደ ልዩ አገልግሎት መታየቱ ቀርቶ ከማንኛውም ብሮውዘር የሚጠበቅ ነገር ሆነ።

ብሮውዘሩ የፈለግሁትን ካልፈለግሁት የሚለየው በምንድን ነው?

ማስታወቂያ መሆን አለመሆኑን በማየት አይደለም። ብዙዎች እንዲያ ይመስላቸዋል፤ ለእኔ ግን ማገጃዎች ለሃያ ዓመታት ያህል ሊሠሩ የቻሉት ይዘት ለመፍረድ ስላልሞከሩ ነው። የባንክ ማረጋገጫ መስኮትና የቁማር ማስታወቂያ መስኮት በኮድ ደረጃ አንድ ዓይነት ናቸው። የሚለያያቸው ከመከፈታቸው በፊት የሰው ድርጊት መኖር አለመኖሩ ነው።

ዛሬ ይህ አሠራር በድረ ገጽ ደረጃዎች ውስጥ በጥንቃቄ ተጽፏል። ተጠቃሚው ማውዙን ሲጫን፣ ስክሪኑን ነክቶ ጣቱን ሲያነሣ ወይም ከኪቦርዱ አንዱን ቁልፍ ሲመታ፣ ገጹ ለአጭር ጊዜ የሚቆይ ፈቃድ ያገኛል። ገጹን ወደ ታች መግፋት፣ ቀስቱን በምስል ላይ ማሳለፍ ወይም ገጹን ከፍቶ መቀመጥ ብቻውን ይህን ፈቃድ አያስገኝም። ኢስኬፕ የሚባለው ቁልፍም ሆን ተብሎ ከዝርዝሩ ወጥቷል፤ ያን ቁልፍ የሚመታ ሰው ከነበረበት ለመውጣት ይፈልጋልና ድርጊቱን ለአዲስ መስኮት እንደ ጥያቄ መቁጠር አይገባም። ይህች ትንሽ ዝርዝር ደንቡን የጻፉት ሰዎች ከቴክኒኩ ባሻገር የሰውየውን ሐሳብ ለመረዳት እንደጣሩ ታሳያለች።

ፈቃዱ ሁለት ገደብ አለው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ በክሮምና በፋየርፎክስ 5 ሰከንድ ያህል ይቆያል፣ ሳፋሪ ደግሞ ከዚህ የጠበቀ ነው። ሁለተኛው ገደብ ቁጥር ነው፤ አንድ መስኮት ሲከፈት ፈቃዱ አብሮ ይበላል፣ ስለዚህ በአንድ ጠቅታ አሥር መስኮት ማውጣት አይቻልም። ብሮውዘር ሊከተለው የሚገባው መመሪያ በአጭሩ ይኸው ነው፤ ለአንድ ድርጊት አንድ መስኮት፣ ያውም ድርጊቱ ሳይረሳ።

ታዲያ እኔ ራሴ ጠቅ ባደረግሁት ጊዜ መስኮቱ ለምን ይታገዳል?

ከሁሉም ይልቅ የሚጠየቀው ይህ ነው፤ ጥፋቱም ብዙውን ጊዜ የገጹ እንጂ የብሮውዘሩ አይደለም። ነገሩን ቀረብ ብለን እንየው። ተጠቃሚው «ደረሰኝ አሳይ» የሚለውን ቁልፍ ይጫናል። የገጹ ኮድ መስኮቱን ወዲያው አይከፍትም፤ መጀመሪያ ደረሰኙ መዘጋጀቱን ሰርቨሩን ይጠይቃል። ኔትወርኩ ፈጣን ሲሆን መልሱ በግማሽ ሰከንድ ይመለስና መስኮቱ ይከፈታል። ኔትወርኩ ሲዘገይ መልሱ በሰባተኛው ሰከንድ ይደርሳል፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ አልቋል፣ ብሮውዘሩም ይህን መስኮት ማንም እንዳልጠየቀው ቆጥሮ ያግደዋል። ተጠቃሚው ቁልፉን ደግሞ ይጫናል፣ አሁንም ምንም የለም። ቢሮ ተቀምጦ ኮዱን የሚፈትነው ባለሙያ ደግሞ ኔትወርኩ ጥሩ ስለሆነ ስሕተቱን ፈጽሞ አያየውም። እኔም በዚህ ወድቄ አውቃለሁ፤ ለሁለት ቀን ሰርቨሩን ስወቅስ ቆይቼ ጥፋቱን ያገኘሁት ከገዛ ኮዴ ውስጥ ነው።

መድኃኒቱ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነው። ቁልፉ እንደተጫነ ባዶውን መስኮት መክፈት፣ «እየተዘጋጀ ነው» የሚል ጽሑፍ ማሳየት፣ መልሱ ሲመጣ አድራሻውን ወደዚያው መስኮት መላክ ነው። ከዚህም የተሻለው፣ ደረሰኙ እስኪዘጋጅ ጠብቆ እዚያው ገጽ ላይ ተራ ሊንክ ማስቀመጥና ተጠቃሚው ራሱ እንዲነካው መተው ነው። በተጨማሪም መስኮት የመክፈቻው ትእዛዝ ሲታገድ ባዶ ዋጋ ይመልሳል፤ ይህን ሳይፈትሽ የሚያልፍ ኮድ ተጠቃሚውን ከሞተ ቁልፍ ፊት አቁሞ መሄዱ ነው።

ብሮውዘሩ ሲያግድ በዝምታ ማገድ አለበት ወይስ ለተጠቃሚው መናገር?

መናገር አለበት፤ አነጋገሩ ግን ከታገደው መስኮት የባሰ የሚረብሽ መሆን የለበትም። ፋየርፎክስ በገጹ አናት ላይ ቀጭን የማሳወቂያ መስመር ያወጣል፣ ክሮም በአድራሻ መጻፊያው ቀኝ ጫፍ ላይ ትንሽ ምልክት ያሳያል። ሁለቱም መሠረታዊውን ነገር ያሟላሉ፤ አንድ መስኮት እንደታገደ፣ ወደ የትኛው አድራሻ ሊሄድ እንደነበረ፣ አሁን ለመክፈት ወይም ለዚህ ድረ ገጽ ለወደፊቱ ለመፍቀድ እንደሚቻል ይነግራሉ። ሆኖም የክሮም ምልክት ዓይኑ ለለመደ ሰው ካልሆነ በቀር በቀላሉ አይታይም። ክፍያ ፈጽሞ ማረጋገጫ መስኮት የሚጠብቅ ሰው ዓይኑ ያለው ገጹ መሐል ላይ እንጂ አድራሻው ጥግ ላይ አይደለም። ተጠቃሚው በዚያች ቅጽበት አንድ ነገር ጠቅ አድርጎ እንደነበረ ብሮውዘሩ ስለሚያውቅ፣ ማንም ሳይነካው የተነሣን መስኮት ሲያግድ ዝም ብሎ፣ ከጠቅታ በኋላ ዘግይቶ የመጣን ሲያግድ ግን ጎላ አድርጎ ቢናገር መልካም ነበር።

«ሁልጊዜ ፍቀድ» ከሚለው ምርጫ ጎን «ለዚህ ጊዜ ብቻ» የሚል መኖሩም ትልቅ ነገር ነው። አንድ ጊዜ የተሰጠ ዘላቂ ፈቃድ ይረሳል፤ የድረ ገጹ ባለቤት ግን ሊለወጥ፣ ማስታወቂያ የሚያቀርብለትም ድርጅት ሊቀየር ይችላል።

አዲስ መስኮት ይሻላል ወይስ አዲስ ታብ? የሚወስነውስ ማን ነው?

ታብ በብሮውዘሮች ዘንድ ከመስፋፋቱ በፊት እያንዳንዱ አዲስ ገጽ ሙሉ መስኮት ይዞ ይመጣ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ የኮምፒውተሩ የታችኛው ጠርዝ በተደረደሩ ቁልፎች ይጨናነቅ ነበር። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ታብ ያገኘው በ2006 በወጣው 7ኛ እትሙ ሲሆን፣ ኦፔራ፣ ሞዚላና ሳፋሪ ቀድመውታል። ከዚያ ወዲህ የብሮውዘሮች ነባሪ አሠራር ግልጽ ነው፤ ገጹ ስለ መስኮቱ መጠን ምንም ካልተናገረ በታብ ይከፈታል፣ ስፋትና ቁመት ጠቅሶ ከጠየቀ ደግሞ ራሱን የቻለ ትንሽ መስኮት ይወጣለታል።

የመጨረሻው ቃል የተጠቃሚው ሊሆን ይገባል። ገጹ ሐሳቡን ሊያቀርብ ይችላል፣ ግን ሁሉም ነገር በታብ እንዲከፈትለት የሚፈልግ ሰው ፍላጎቱ ሊከበርለት ይገባል። ፋየርፎክስ አዲስ መስኮት የሚጠይቁ ሊንኮችን በታብ የመክፈትን ምርጫ በቅንብሮቹ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሌሎቹ በዚህ ረገድ ስስታም ናቸው።

ለገጹ ፈጽሞ ሊሰጡ የማይገቡ ነገሮችም አሉ። ቀድሞ ገጾች አዲሱን መስኮት ያለ አድራሻ መጻፊያ መክፈት ይችሉ ነበር፤ ይህም የባንክ ገጽ አስመስሎ ለሚሠራ አጭበርባሪ ሰፊ በር ነበር፣ ምክንያቱም ተጠቃሚው የት እንዳለ የሚያረጋግጥበት ምንም ነገር አይታየውም። ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ከ7ኛው እትም ጀምሮ በማንኛውም መስኮት ላይ አድራሻው እንዲታይ አደረገ፤ ዛሬ ይህ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው። እንዲሁም ከ100 በ100 ፒክስል ያነሰ፣ ወይም ከስክሪኑ ጠርዝ ውጪ ተደብቆ የሚቆም መስኮት መክፈት አይፈቀድም። ገጽ በኮድ መዝጋት የሚችለውም በኮድ የተከፈተውን መስኮት እንጂ ተጠቃሚው ራሱ የከፈተውን አይደለም።

የድረ ገጼን ሊንኮች ሁሉ በአዲስ ታብ እንዲከፈቱ ባደርግ ምን ችግር አለው? ጎብኚው እንዳይሄድብኝ ነው።

የሚሄድ ሰው በታብ አይያዝም። ወደ ኋላ መመለሻውን ተጭኖ ወደ እርስዎ ገጽ ሊመለስ የነበረው ጎብኚ፣ አዲሱ ታብ ያለፈ ታሪክ ስለሌለው ቁልፉ ደብዝዞ ያገኘዋል። ታቦቹ ዓይን ፊት በተደረደሩበት ሰፊ ስክሪን ላይ ይህ ትንሽ መደናገር ነው። በስልክ ላይ ግን ታቦቹ ከአንዲት ቁጥር ጀርባ የተደበቁ ናቸው። ገጹን በድምፅ አንባቢ ለሚከታተል ማየት የተሳነው ሰው ደግሞ የባሰ ነው፤ አንባቢው አዲስ ታብ መከፈቱን ቢነግረውም ድንገት ከነበረበት ቦታ መነሣቱን የሚያስተውለው ብዙ ጊዜ መመለሻው እምቢ ሲለው ነው።

ከዚህ ሌላ አንድ ያልተመጣጠነ ነገር አለ። ተራ ሊንክን በአዲስ ታብ መክፈት ለፈለገ ሰው መንገዱ ሞልቷል፤ ኮንትሮል ወይም በማክ ኮማንድ ይዞ ጠቅ ማድረግ፣ የማውዙን መካከለኛ ቁልፍ መጫን፣ በስልክ ላይ ጣትን ሊንኩ ላይ ማቆየት ይችላል። ሺፍት ይዞ ጠቅ ማድረግም በአብዛኞቹ ዘንድ አዲስ መስኮት ያወጣል። በአዲስ ታብ እንዲከፈት የተገደደን ሊንክ እዚያው በነበረበት ታብ መክፈት ለሚፈልግ ሰው ግን እንዲህ ያለ አቋራጭ የለውም። ተራው ሊንክ ሁለቱንም ምርጫ ለጎብኚው ይተወዋል፣ የተገደደው ሊንክ አንዱን ይነጥቀዋል።

ይህ ሲባል ሁልጊዜ ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ያልተቀመጠ ቅጽ እየሞላ ላለ ሰው የደንቡን ማብራሪያ በሌላ ታብ መክፈት ደግነት ነው። የድረ ገጽ ደረጃዎችን የሚያዘጋጀው ድርጅት ደብልዩ ስሪ ሲ የሚያወጣው የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያም አዲስ መስኮት በተጠቃሚው ጥያቄ ብቻ እንዲከፈት በከፍተኛው ደረጃው ላይ ያዝዛል፤ መስኮት መክፈት የግድ ሲሆንም አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ይመክራል። በሊንኩ ጽሑፍ ውስጥ «በአዲስ ታብ ይከፈታል» ብሎ መጻፍ በቂ ነው።

አዲስ የተከፈተው ታብ የቀድሞውን ታብ ሊጎዳ ይችላል?

ለብዙ ዓመታት ይችል ነበር። በሊንክ የተከፈተ ገጽ የከፈተውን ገጽ የሚያመለክት መያዣ ይሰጠው ነበርና በዚያ ተጠቅሞ ከኋላ የቀረውን ታብ ወደ ሌላ አድራሻ ሊወስደው ይችላል። ተጠቃሚው አዲሱን ገጽ እያነበበ ሳለ፣ የኋላው ታብ የኢሜይሉን መግቢያ ገጽ መስሎ ይጠብቀዋል። ሲመለስ «ወጥተዋል፣ እንደገና ይግቡ» የሚል ያገኛል፤ ታቡን የከፈተው ራሱ ስለሆነ አይጠራጠርም፣ የይለፍ ቃሉን ይጽፋል።

መከላከያው ሊንኩ ላይ ይህን መያዣ የሚቆርጥ ምልክት መጨመር ነበር፤ ይኸውም «ኖኦፕነር» የሚባለው ነው። ነገር ግን ደኅንነትን በሚሊዮን ለሚቆጠሩ ገጽ ሠሪዎች ትዝታ መተው አያዋጣም። ሳፋሪ በ2019፣ ፋየርፎክስ በ2020፣ ክሮም በ2021 በአዲስ ታብ የሚከፈቱ ሊንኮች ያለ ምንም ምልክት መያዣው የተቆረጠላቸው እንዲሆኑ አደረጉ። መያዣውን የምር የሚፈልግ ገጽ አሁን በግልጽ መጠየቅ አለበት። በጃቫስክሪፕት ትእዛዝ የሚከፈቱት መስኮቶች ግን ኮዱ ካልቆረጠው በቀር መያዣው አሁንም አላቸው፤ በሌላ አገልግሎት መለያ መግባትን የመሰሉ ሥራዎች የሚተማመኑበት ስለሆነ ነው።

ከኋላ ተደብቀው የሚከፈቱትስ እንዴት ይታያሉ?

እነዚህ ከሁሉም የከፉ ናቸው። ተራው ብቅ-ባይ ፊት ለፊት ስለሚመጣ ማን እንዳመጣው ይታወቃል። ከኋላ የሚደበቀው መስኮት ግን የሚገኘው ከሰዓታት በኋላ ሥራዎን ጨርሰው ብሮውዘሩን ሲዘጉ ነው፤ ያን ጊዜ የትኛው ድረ ገጽ እንዳመጣው ማወቅ አይቻልም፣ የመደበቁም ዓላማ ይኸው ነው። ብሮውዘሮች ገጾች መስኮትን ወደ ኋላ የመግፋት ወይም እንደፈለጉ ወደ ፊት የማምጣት ሥልጣናቸውን በየጊዜው ሲቀንሱ ቆይተዋል።

ይህ በር ሲጠብ ሌላ ብልሃት መጣ። ተጠቃሚው ሊንኩን ሲነካ የፈለገው ገጽ በአዲስ ታብ ይከፈትለታል፣ የቀድሞው ታብ ደግሞ ወዲያው ወደ ማስታወቂያ ይቀየራል። መስኮት የከፈተው ጠቅታው ስለሆነ ማገጃው የሚይዘው ነገር አያገኝም። ጎግል ይህን አካሄድ ክሮም ውስጥ እንደሚያግድ በኖቬምበር 2017 አስታውቋል። የጠቅታን ፈቃድ መጠበቅ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ጠቅታውን ለሌላ ዓላማ መስረቅም መከልከል እንዳለበት ከዚህ ይታያል። ገጹን በሙሉ በማይታይ ሽፋን ሸፍኖ የትም ቦታ ቢነካ ማስታወቂያ የሚከፍተው አሠራርም ከዚሁ ወገን ነው፤ የቪዲዮ ማጫወቻ የሚመስል ቁልፍ ሦስት ጊዜ ተጭነው ሦስት ማስታወቂያ ከተከፈተብዎት ይህን አይተዋል።

«ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል» የሚል ሣጥን አልዘጋም ቢለኝ ምን ላድርግ?

እዚያ የተጻፈው ስልክ ቁጥር ላይ አይደውሉ፣ ምንም አያውርዱ፣ ታቡን ብቻ ይዝጉ። ካልተዘጋ ብሮውዘሩን ከኮምፒውተሩ የሥራ ማስተዳደሪያ በኩል አስገድደው ያስቁሙት፤ እንደገና ሲከፍቱትም የቀድሞዎቹን ታቦች መልስ ብለው አያዝዙት። ድረ ገጽ ኮምፒውተርዎን መርምሮ ቫይረስ ሊያገኝ አይችልም።

ይህ ማጭበርበር ይሠራ የነበረው የማሳሰቢያ ሣጥኑ መላውን ብሮውዘር ስለሚያስር ነው፤ «እሺ» ሲሉት ኮዱ ሌላ ያወጣል፣ ያንን ሲዘጉ ሌላ። ዛሬ ሣጥኑ የሚያስረው የራሱን ታብ ብቻ ስለሆነ ታቡን መዝጋት ይቻላል፣ ሲደጋገምም ገጹ ተጨማሪ እንዳያወጣ የመከልከያ ምርጫ ይቀርባል። ከገጽ ሲወጡ «እርግጠኛ ነዎት?» የሚለው ጥያቄም በተመሳሳይ ምክንያት ተገድቧል፤ ገጹ የራሱን ማስፈራሪያ ቃል እንዳይጽፍበት ጽሑፉን የሚመርጠው አሁን ብሮውዘሩ ነው።

ገጹ ውስጥ የሚንሳፈፉትን ሣጥኖች ብሮውዘሩ ለምን አያግድም?

ለብሮውዘሩ እነዚህ ሣጥኖች ከሜኑ ወይም ከፎቶ ማሳያ አይለዩም፤ ሁሉም የገጹ ክፍል ናቸው። ማገጃው ሲጠነክር ማስታወቂያው ወደ ገጹ ውስጥ የገባውም በዚህ ምክንያት ነው። ግፊቱ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ጎግል ከጃንዋሪ 2017 ጀምሮ በስልክ ላይ ይዘቱን የሚሸፍን ሣጥን የሚያወጡ ገጾች በፍለጋ ውጤት ዝቅ ሊሉ እንደሚችሉ ደንግጓል። የማስታወቂያው ዘርፍ ድርጅቶች ያቋቋሙት የተሻሉ ማስታወቂያዎች ጥምረትም በዚያው ዓመት ተጠቃሚዎች የማይታገሷቸውን ዓይነቶች ሲለይ፣ ይዘት የሚሸፍነው ሣጥን በኮምፒውተርም በስልክም ተካቶ ነበር፤ ክሮም ከፌብሩዋሪ 2018 ጀምሮ ይህን መስፈርት ደጋግመው በሚጥሱ ድረ ገጾች ላይ ማስታወቂያዎችን ማጣራት ጀመረ። ጥሩ ርምጃ ነው፤ ሆኖም ትልቁን የማስታወቂያ ገበያ የያዘ ድርጅት የትኛው ማስታወቂያ እንደሚታይ ሲወስን ዳኛውም ተጫዋቹም አንድ መሆናቸው አይዘነጋም።

ከኋላ ያሉ ታቦች ምን ያህል ነፃነት ሊኖራቸው ይገባል?

ጥቂት። በማይታይ ታብ ውስጥ ያለ ገጽ ራሱን ወደ ፊት ማምጣት የለበትም፤ የሚናገረው ካለ በታቡ ርዕስ ላይ ምልክት ማድረግ ይችላል። ድምፅ የሚያሰማ ታብ ምልክት ሊኖረውና እዚያው ላይ ዝም ሊሰኝ ይገባል፤ አሥራ አምስት ታብ ከፍቶ ሙዚቃው ከየት እንደሚመጣ የፈለገ ሰው ይህን ይረዳል። ኃይል መቆጠብም አለ፤ ክሮም ከ2021 ወዲህ ከ5 ደቂቃ በላይ ተደብቀው ድምፅ የማያሰሙ ገጾችን የጊዜ ቆጣሪ ሥራ በደቂቃ አንድ ጊዜ ገደማ እንዲሆን ይገድባል። የተዘጋን ታብ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቲ በአንድ ላይ ተጭኖ መመለስ መቻሉ ደግሞ፣ ለእኔ፣ ታብ ከተፈጠረ ወዲህ ከተጨመሩት ሁሉ ጠቃሚው ነው።

አንድ ድረ ገጽ ማገጃውን እንዳጠፋ ጠየቀኝ። ላጥፋው?

ሙሉ በሙሉ አያጥፉት። መስኮቱን የሚፈልገው የሚያምኑት አገልግሎት ከሆነ ለዚያ አድራሻ ብቻ ይፍቀዱ። በክሮም ይህ ያለው በቅንብሮች ውስጥ፣ የግላዊነትና ደኅንነት ክፍል ሥር፣ በጣቢያ ቅንብሮች «ብቅ-ባዮችና አቅጣጫ ማዞሮች» በሚለው ነው፤ በፋየርፎክስ በዚያው በግላዊነትና ደኅንነት ገጽ ላይ ከፈቃዶቹ መካከል ይገኛል። በአይፎን ሳፋሪ ማገጃው የሚገኘው በስልኩ ቅንብሮች ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ሆኖ የሚበራውም የሚጠፋውም ለሁሉም ድረ ገጽ በአንድ ላይ ነው፤ ስለዚህ ለአንድ ክፍያ ብለው ካጠፉት ክፍያው እንዳለቀ መልሰው ያብሩት።